መኪናዋ ወደ ላይ ዋርካ ያልወጣችበት ቀን

ቢሮአችን ግድግዳ ላይ ትልቅ የክልሉ የመንገድ ካርታ ተሰቅሏል። እኔ ከዚያ ካርታ ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የገጠር መስመሮች ስምሪት ነው፤ የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ በስንት ሰዓት ይውጣ የሚለውን ማቀድ። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ በኋላ በመጀመሪያው በጋ ሪፎርም ተባለና መስመሮቹን እንደገና እንድናደራጅ ታዘዝን። ብዙው መኪና ተቃጥሏል ወይም ተወስዷል፤ የቀረው ጎማና መለዋወጫ የለውም። ያለችውን ጥቂት መኪና ሕዝብ ወደሚበዛበት ማዞር ግድ ነበር። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውስጡ አንድ አንቀጽ አለ፤ በዋናው መንገድ ላይ ተሳፋሪ በተጠራቀመ ጊዜ የመናኸሪያው ኃላፊ ሰው የሚያንስበትን የገጠር መስመር መኪና ወደ ዋናው መንገድ ማዞር ይችላል ይላል። ያን አንቀጽ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። አጭርና ግልጽ ነው።

ወደ ደቡብ ወሎ የሄድኩት ዕቅዱ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት ነው። ከተመለስኩ በኋላ ሪፖርቴን አስገብቻለሁ። ሪፖርቱ ውስጥ ቦታ ያላገኘውን እዚህ አሰፍራለሁ፤ ሐይቅንና አምባሰልን ለማየት ለማይገጥመው ሰው፣ ይልቁንም እንደኔ ካርታ ፊት ለሚውል ሰው።

አንደኛ ቀን

ገና ሳይነጋ ከባሕር ዳር ተነሳን። የኔ ከተማ ሜዳ ነው። ልጅ እያለሁ በብስክሌት ዳር እስከ ዳር እዞረው ነበር፤ ስለዚህ ርቀትን የማስበው በኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ጋይንት ስንወጣ ጀምሮ ግን ኪሎ ሜትር ትርጉም እያጣ ሄደ። ሾፌሩ "ስንት ቀረን?" ሲባል "ሁለት ዳገትና አንድ ቁልቁለት" ብሎ መለሰ። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ወርደን ሽሮ በላን። ከምግብ ቤቱ ማዶ የተቃጠለ ታንክ አለ፤ አንዲት ሴት ልብስ አጥባ እላዩ ላይ አስጥታለች። ማንም ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ አፈጠጥኩበት።

ወልድያ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ባለቤቱ አፍረው፣ "በሮቹን ሁሉ ነው የሰበሩብን ልጄ፤ መስኮቱን ቀድመን አሠራን፤ ቁልፉ ገና ነው" አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን መኝታ ቤት ጓጉንቸር ፈትተው አመጡልኝ። "እርስዎስ?" አልኳቸው። "እኔ ምን አለኝ?" አሉና ሳቁ። በዚያ ጓጉንቸር ቆልፌ ተኛሁ።

ሁለተኛ ቀን

ከወልድያ ወደ ደቡብ ያለው መንገድ ቆላማ ነው። በመርሳና በውርጌሳ በኩል ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው። ከዚያ አምባሰል ተራራ በስተቀኝ ይነሳና ለረጅም ጊዜ አይለይም። ባሕር ዳር ላይ ዓይን ሩቅ የሚሄደው በውሃ ላይ ነው፤ እዚህ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ውጫሌን ለጊዜው አልፌ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ሥራዬን የምጀምረው ከዚያ ነበር።

መኪናው ጥሎኝ ከሄደ በኋላ ነው ሻንጣዬ ጣራው ላይ እንደቀረ ትዝ ያለኝ። የተሳፋሪ መቁጠሪያ ቅጾቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ምሳ ቤት ያላት እትዬ ዘሀራ የምትባል ሴት ከውስጥ ሆና አየችኝና ወጣች።

"ምን ሆንሽ እታለም?"

ነገርኳት።

"ይኸ ነው? አብሽሪ! የመኪናው ረዳት ማነው፣ ቀጭኑ ነው ጺማሙ?"

"ጺማሙ ነው።"

"እንግዲያ አገኘሻት በያት።" ስልኳን አውጥታ ደሴ መናኸሪያ ለሚሠራ ዘመዷ ደወለች፤ እሱ ለሌላ ነገረ። እስከዚያ ዓሣ አቀረበችልኝ። እኔ የጣና ልጅ ነኝ፤ በዓሣ ነገር ትንሽ ኩራት አለብኝ። የሐይቅ ቆሮሶ አነስ ያለ ነው፤ ግን ከውሃ ከወጣ ሰዓት ያልሞላው መሆኑ ይታወቃል። ጣቴን ላስኩ። "ከናንተው ይሻላል በይ እንጂ!" አለችኝ። ዝም ማለቴን እንደ መልስ ቆጥራ ሳቀች።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ አንድ የማላውቀው ሾፌር ከደሴ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለኝ። ላመሰግነው ስጠጋ ማርሽ አስገብቶ ነበር። እትዬ ዘሀራ፣ "እዚህ ዕቃ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሄድ" አለችኝ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነው የሰማኋት።

ሦስተኛ ቀን

ቀኑን ሙሉ ሐይቅ መናኸሪያ ቆሜ ሰው ስቆጥር ዋልኩ። ወደ አርዲቦ የሚሄዱት ባጃጆች ሦስት ሰው እንዲጭኑ ነው የተፈቀደላቸው፤ እነሱ ግን የሚጭኑትን ያህል ይጭናሉ። አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ባልቴት አጠገቤ ቆማ ቅጼን ስታይ ቆየችና፣ "ምን ትቆጥሪ?" አለችኝ።

"ሰው።"

"ቆጥረሽ ስታበቂ?"

"መኪና እንመድባለን።"

"ማሻአላህ። እንግዲያ እኔን ሁለት አርጊኝ፤ ሽንኩርቱም ይሄዳል።"

ቅጹ ለሽንኩርት ቦታ እንደሌለው አስረዳኋት። ባልቴቷ በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ሽንኩርቷን ባጃጁ መቀመጫ ላይ አስቀምጣ ራሷ በጠርዙ ተንጠልጥላ ሄደች። አንድ ሰው ብዬ ጻፍኩ።

አራተኛ ቀን

ጠዋት ውጫሌ ገባሁ። ማግስቱ የበዓል ዋዜማ ስለነበረ ደሴ የሚሄደው ሰው መናኸሪያውን ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ፈስሷል። የመናኸሪያው ኃላፊ ታደሰ ወጣት ነው፤ ድምፁ ከመጮህ ብዛት ተዘግቷል። የመጣሁበትን ደብዳቤ አንብቦ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ራሱ ቆሞ ዋለ።

የዕለቱ ዕቅዴ ወደ ላይ ዋርካ መሄድ ነበር። ላይ ዋርካ በአምባሰል ወገብ ላይ ያለ ቀበሌ ነው። አንዲት መኪና ብቻ ናት የምትሄድበት፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል የተሠራላት፣ እኛ ቅጥቅጥ የምንላት አውቶቡስ። እዚያው ታድራለች፤ ጠዋት ሰው ይዛ ትወርዳለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከውጫሌ ትመለሳለች። በኔ ቁጥር መሠረት ስትወርድ ትሞላለች፤ ስትመለስ ግን ግማሽዋ ባዶ ነው። ሾፌሯ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ጢማቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሲያወሩ እጃቸውን ከመሪው ላይ አያነሱም፤ መኪናዋ ቆማም ቢሆን።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሕዝቡ መናኸሪያውን ሊያፈርሰው ደረሰ። ታደሰ ወደኔ መጥቶ፣ "ወይዘሮ ብርቱካን፣ የጋሽ ሰይድን መኪና ወደ ደሴ ላዙራት ብዬ ነው። በእርስዎ ዕቅድ ይቻላል። ይፈቅዱልኛል?" አለኝ።

መስኮቱ ላይ ሰው ተጣብቆ ያየናል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ አንገቷን ታወዛውዛለች። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ይቻላል" አልኩት።

ጋሽ ሰይድ አልተቃወሙም። ታፔላውን ራሳቸው ቀየሩ። ከዚያ ከመሪው ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አንስተው ወደኔ መጡ።

"አንቺ ወደ ላይ ዋርካ ነበር የምትሄጅ አይደል ልጄ?"

"አዎ፣ ከእርስዎ ጋር ነበር እንጂ።"

"እኔማ ደሴ ተባልኩ። ደሴ ይዣት ብሄድ ትሞቅብኛለች።" ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ውስጡ በረዶ የተደረገበት የውሃ ላስቲክ፣ በላስቲኩ መሐል ሁለት ትናንሽ ጠርሙስ። "የስኳር መርፌ ናት። ከጤና ጣቢያ ተቀብዬ አያ መንግሥቴ ለሚባሉ ሰው ነው የማደርስ። የበፊቷ ትናንት አልቃባቸዋለች። ላይ ያለው ጤና ኬላ ማቀዝቀዣው ተወስዶበታል፤ እዚያ አይቀመጥም።"

"በስልክ ነግረን ሌላ ሰው..."

"ዛሬ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና የለማ። የምወጣው እኔ ነበርኩ።"

ቁጣ አልነበረባቸውም። ዝም ብለው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ተቀበልኳቸው።

ባጃጅ ተኮናትሬ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ መንገድ ተገነጠልኩ። መገንጠያው ላይ ካለች አንዲት ሱቅ ጥላ ሥር በኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት የታሰረ ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጣለች። ባጃጁን አስቁማ፣ "ሰይድ መጣ?" አለች።

"ዛሬ አይመጣም" አልኳት።

"ተበላሸ?"

"ደሴ ሄደ።"

ሴትዮዋ ቆርቆሮውን አየች፤ መንገዱን አየች። ሐዋ ትባላለች። በጦርነቱ ጊዜ ጣራዋ በመድፍ ፍንጣሪ ተበሳስቶ ነበር፤ ክረምቱን በሸራ አሳልፋ አሁን ገና ቆርቆሮ መግዛቷ ነው። ባጃጅ ላይ አይገባም፤ በጀርባ አይወጣም። ለባለሱቁ አደራ ብላ ትታው ከኔ ጋር ተሳፈረች። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሞተሩ አቃሰተና ቆመ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

እዚያም ሰው ነበር። የአፈር ማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ገበሬዎችና የመማሪያ መጻሕፍት በካርቶን የያዙ አንድ መምህር። ሁሉም ያንኑ ጠየቁኝ፤ ለሁሉም "ደሴ ሄደ" አልኳቸው። ማን እንደላከው አልተናገርኩም። መምህሩ ካርቶኑን ፈትተው የሚችሉትን ያህል መጽሐፍ በክንዳቸው ያዙ፤ የቀረውን ድንጋይ ሥር አስቀምጠው በቅጠል ሸፈኑት። ያን ሳይ ነው ግማሽዋ ባዶ ያልኳት መኪና ባዶ እንዳልነበረች የገባኝ። ሰዎቹ ሲወርዱ ይሳፈራሉ፤ ሲመለሱ ለዕቃው ቦታ እንዲተርፍ ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ራሳቸው በአቋራጭ በእግር ይወጣሉ። ወንበሩ ላይ የነበረው ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ፣ መጽሐፍና መድኃኒት ነበር። የኔ ቅጽ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዳገቱን ሐዋ እንደ ሜዳ ነው የምትሄደው። እኔ በየመታጠፊያው እቆማለሁ። ግማሽ ሳንደርስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። በገመድ ብናስረው በጠሰው። በመንገድ ዳር ካለ ቤት ሐዋ የምታውቃቸው አንዲት እናት ወጡ። እግሬን አይተው ምንም ሳይጠይቁ የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ፤ የኔን እዚያው ተውኩት። "እኔ ቤቴ ነኝ" አሉ። ከዚያ የያዝኩትን ሲያዩ አወቁት፤ "የመንግሥቴ ናት!" ብለው ከእጄ ወሰዱትና በረዶው ማለቁን በጣታቸው ነክተው ተረዱ። ከእንስራቸው ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ጨርቁን አራሱት፤ ጠርሙሶቹን አፉ ሰፊ በሆነ ቅል ውስጥ አስቀምጠው መልሰው ሰጡኝ። "ፀሐይ ወዳለበት ወገን አትያዥው" አሉኝ። እኛ ቢሮ ውስጥ የመድኃኒት ቅዝቃዜ ሰንሰለት የሚል ስብሰባ ተቀምጠን እናውቃለን፤ እኚህ ሴት በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳንሄድ ዝም ማለት አቃተኝ።

"ሐዋ፣ መኪናዋን ወደ ደሴ ያዞርኳት እኔ ነኝ።"

ሐዋ አልቆመችም። "አንቺ ምንድን ነሽ?"

ሥራዬን ነገርኳት።  ትሳደባለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይቀለኝ ነበር።

"ደሴ የሚሄዱትስ ሰው አይደሉ?" አለች። "እነሱም መንገድ አላቸው። ግን መንገር ነበረባችሁ። ሰይድ ዛሬ አይወጣም ብትሉን እኔ ቆርቆሮ ዛሬ አልገዛም፤ መምህሩም አይወርድም። መንግሥቴም ሰው ልኮ ያስመጣ ነበር። ጠዋት ወረድን፤ ትመጣለች ብለን ነው የወረድን።"

 በዕቅዴ ውስጥ መኪናን ማዞር የሚችለው ማን እንደሆነ ተጽፏል፤ መኪናዋ መዞሯ ለማን መነገር እንዳለበት ግን አልተጻፈም። ማሰብም አላሰብኩትም።

ላይ ዋርካ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አያ መንግሥቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ፤ ሚስታቸው እትዬ አስካለ አጠገባቸው ቆመዋል። የአያ መንግሥቴ ከንፈር ደርቋል፤ ውሃ በጆግ ይዘው በየጊዜው ይጎነጫሉ። ቅሉን ሰጠኋቸው። ቤት ገብተው መርፌውን ራሳቸው ወጉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ። "ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከባሕር ዳር።"

"ከባሕር ዳር ይኸን ይዘሽ መጣሽ?"

እዋሻለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ግን ነገርኳቸው። መኪናዋን እኔ እንዳዞርኳት፣ መርፌው እንዳለባት ሳላውቅ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዞሩ። አያ መንግሥቴ ግን ጠርሙሶቹን እርጥብ አሸዋ ባለበት ትንሽ ገንቦ ውስጥ እየቀበሩ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

"በጦርነቱ ጊዜ በዚህ አገር የስኳር መርፌ የምንወጋ ሁለት ነበርን። እኔና የታችኛው ጎረቤቴ አሊ። መንገድ ሲዘጋ ያለችንን እየቆነጠርን ተካፈልናት። እሱ ወጣት ነበር፤ ቢያንሰውም ይችላል ብዬ ነበር።" ገንቦውን ከደኑት። "አሁን አንድ ነኝ።"

 

ራት የገብስ ቂጣ በማር አቀረቡልኝ። አያ መንግሥቴ ንብ አርቢ ናቸው፤ የሚያመርቱትን ማር ከታመሙ ወዲህ ቀምሰውት አያውቁም፤ ሌላ ሰው ሲበላ ግን ፊቱን እያዩ ጣዕሙን ይጠይቃሉ። "ዘንድሮ የግራር ሽታ አለው ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ስለ መኪናዋ የነገሩኝም እየበላሁ ነው። ታጣቂዎች ሲመጡ ጋሽ ሰይድ መኪናዋን እስከዚህ ድረስ አወጧት። የቀበሌው ሰው ጎማዋን ፈትቶ በየቤቱ ተካፈለ፤ እሷን ገደል ሥር አስገብቶ የማሽላ አገዳ ከመረባት። ፈታሾች አገዳውን አልፈው ሄዱ። ባትሪዋ የተደበቀው በአያ መንግሥቴ ቀፎ ሥር ነበር። "ንብ ቤት ማን ይገባል?" ብለው ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እትዬ አስካለም ያን ጊዜ ዞር ብለው ተጨማሪ ቂጣ ሰጡኝ።

ባሕር ዳር ላይ መኪና ማለት የባለ መኪናው ነው። ስትሳፈር ትሳፈራለህ፤ ስትወርድ ትረሳዋለህ። እዚህ ግን አንድ ቀበሌ ሙሉ በየአልጋው ሥር ጎማ ደብቆ ከረመ። እኔ ያችን መኪና በአንድ ቃል ከእነሱ ወስጃታለሁ፤ ለማንም ሳልነግር።

አምስተኛ ቀን

መኪናዋ ላይ ዋርካ ስላላደረች በጠዋቱ የሚያወርድ አልነበረም። የሚወርደው ሰው ሁሉ በእግሩ ተነሳ፤ እኔም አብሬ። አያ መንግሥቴ ፊታቸው ተመልሶ ነበር፤ እስከ ቀበሌው ዳር ሸኙኝ። የላስቲክ ጫማውን ለእናትየዋ ስመልስ ሌሊቱን የተውኩትን ጫማ ሶል በወፍራም ክር ሰፍተውልኝ አገኘሁ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተር ሰማን። ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ከደሴ ገና በማለዳ ተነስተው ማንንም ሳይጠብቁ እየወጡ ነው። ጎናቸው ያለው ወንበር ላይ የሐዋ ቆርቆሮ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ ከኋላ ማዳበሪያውና የመምህሩ መጻሕፍት አሉ። ሲያዩኝ አቆሙና መጀመሪያ የጠየቁት፣ "ደረሰች?" ብለው ነው።

"ደረሰች።"

"ሳትሞቅ?"

"ሳትሞቅ።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና ግንባራቸውን መሪው ላይ ደገፍ አደረጉ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ያን ጊዜ አወቅኩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ውጫሌ ሰው ሞልቷል። እኔ ዕቃውን አራግፌ እመለሳለሁ፤ አንቺ ከሄድሽ ለታደሰ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ" አሉኝ።

ውጫሌ ደርሼ ለታደሰ ሁሉንም ነገርኩት። አልተከላከለም። ግን እሱም የሚለው ነበረው። "ትናንት ከጫንኳቸው ውስጥ ልጇን አቅፋ ያዩዋት ሴት ነበረች፤ ልጁ ደሴ ሆስፒታል ነው የገባ። ዛሬ ጠዋት ደውላ አመሰገነችኝ። ባላዞራት ኖሮስ ወይዘሮ ብርቱካን?" አለኝ።

  ከዚያ ታደሰ አንድ ደብተር አወጣና የላይ ዋርካን የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የጤና ኬላዋን ሠራተኛ፣ የመምህሩንና የሐዋን ስልክ እንዳስጽፈው ጠየቀኝ። ገጹ ላይ "ከማዞር በፊት የሚደወልላቸው" ብሎ ጻፈበት። ከቢሮ ማንም አላዘዘውም።

ስድስተኛ ቀንና ከዚያ ወዲህ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ወልድያ የማረፊያዬ በር ቁልፍ ተሠርቶለት ነበር። ባሕር ዳር ስገባ ሜዳው ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሆነብኝ፤ ሁሉም ነገር ያለ ድካም ይደረስበታል።

ስብሰባ ላይ ዕቅዱ እንዲሻሻል ጠየቅኩ። ዕቃና መድኃኒት የሚቆጠርበት ዓምድ ቅጹ ላይ ይግባ አልኩ፤ ተፈቀደ። ሳይነገር መኪና አይዞር አልኩ፤ ይኸም ተፈቀደ። የላይ ዋርካዋ መኪና በየቀኑ ለመስመሯ ብቻ ትሁን ስል ግን አለቃዬ ካርታውን እያዩ፣ "ዋናው መንገድስ?" አሉኝ። ታደሰ የነገረኝን ሴትዮ አስታወስኩና ለመከራከር ወኔ አጣሁ። በመጨረሻ በሳምንት አምስት ቀን ላይ ዋርካ፣ ሁለት ቀን ደሴ እንድትሠራ ተስማማን። ሁለቱን ቀን እንድመርጥ ለኔ ተተወ።

ሦስት ቀን ስልክ ስደውል ከረምኩ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሰኞ አይሁን አለችኝ። መምህሩ ዓርብ አይሁን አሉ። ሊቀመንበሩ የገበያውን ቀን እንዳትነኪ አሉኝ። ጋሽ ሰይድ፣ "ለኔ ሁሉም ቀን ቀን ነው፤ ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩን" አሉኝ። አያ መንግሥቴ መርፌው የማይመጣባቸው ቀናት ከሆኑ ምንም ግድ የለኝም አሉ። ማክሰኞንና ሐሙስን ወሰንኩ። ጽፌ ፈረምኩበት፤ ማኅተም ተመታበት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለ አዲሱ አሠራር ለመጠየቅ ሐዋ ጋ ደወልኩ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"የት ነሽ?" አልኳት።

"ዳገቱ ላይ ነኝ፤ ከውጫሌ እየተመለስኩ።"

"በምን ወረድሽ?"

"በእግሬ ነዋ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ማክሰኞ መኪና የለውም።"

ቅሬታ አልነበረባትም። ክረምት ይዘንባል እንደሚባለው ነው ያለችው፤ ማክሰኞ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲያ የሆነ ይመስል። ደህና ግቢ ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ካርታው ፊት ተቀምጬ ማክሰኞን የመረጥኩበትን፣ ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት አውጥቼ እንደገና አነበብኩት።